የመስከረሙን ኮሰረት ፍለጋ

ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ደብረ ብርሃን

ከቤት የወጣሁት ባዶ ጆንያና አንድ ማስታወሻ ደብተር ይዤ ነው። ጆንያው ለቅጠል ነው። ደብተሩ ውስጥ ደግሞ አማካሪዬ በቀይ እስክሪብቶ ያኖረብኝ የጥያቄ ምልክት አለ፤ ይህን ሁሉ መንገድ የሚያስኬደኝ እሱ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፤ ጎን ለጎን ሁለተኛ ዲግሪዬን እማራለሁ። የመመረቂያ ጥናቴ በኮሰረት ላይ ነው፤ ያው ቅቤ ሲነጠር ጣል የሚደረገው ቅጠል። ቅጠሉን ፈጭቼ በአልኮልና በውሃ እዘፈዝፈዋለሁ፣ አጣራዋለሁ፣ ከዚያ አልኮሉን አተንነውና የቀረውን ወፍራም አረንጓዴ ጭማቂ እፈትሻለሁ። የምፈልገው አንቲኦክሲዳንቱን ነው፤ ማለትም ቅባት አየር እየነካው እንዳይበላሽ የሚከላከለውን ነገር። አፈታተሹ ልብ ያንጠለጥላል። ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ፈሳሽ አለ፤ ጭማቂው ጠብ ሲልበት፣ ቅጠሉ ጥሩ ከሆነ ቀለሙ እየሳሳ ሄዶ ቢጫ ይሆናል። ካልሆነም ወይን ጠጅ እንደሆነ ያፈጥብሃል።

መስከረም ላይ፣ ለመስቀል ሰሞን፣ ከመርካቶ በገዛሁት ቅጠል ስሞክር ፈሳሹ ዓይኔ እያየ ቢጫ ሆነ። ላቦራቶሪ ውስጥ ብቻዬን ዘለልኩ፤ ምን ይደረግ፣ እንዲህ ነው የተፈጠርኩት። ቅጠሉ በዚያው አለቀ። ሥራው መደገም ስላለበት መጋቢት ላይ ሁለት ጊዜ ከተለያየ ሱቅ አስመጣሁ። ሁለቱንም ጊዜ ፈሳሹ ንቅንቅ አላለም። አማካሪዬ የመስከረሙን ቁጥር ትክ ብሎ አየና ቀይ እስክሪብቶውን አወጣ።

«ይሄ ቁጥር ከየት መጣ?» አለኝ።

«ከመሣሪያው ነዋ ዶክተር።»

«እኔ ከጉጉት የመጣ ነው የሚመስለኝ። እስከ ማክሰኞ ካልደገምከው ከጥናቱ ታወጣዋለህ።»

ማውጣት ማለት ጥናቱ ባዶ ቀረ ማለት ነው። እሱስ ይሁን። ያንገበገበኝ ሌላ ነው፤ ሰውዬው በጨዋ ቋንቋ ቁጥር ፈጥረሃል አለኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ተማሪዎቼን «የሙከራ ውጤት አትኮርጁ» እያልኩ የኖርኩ ሰው ነኝ እኮ። የቀለሙ ኬሚካል ደግሞ የቀረኝ ለአንድ ሙከራ ብቻ ነው፤ ሌላ እስኪመጣ ወራት ይፈጃል። ስለዚህ የመስከረሙን ቅጠል የሸጡልኝን እናት ማግኘት አለብኝ። ስማቸውን አላውቅም። የማውቀው ከአንዋር መስጊድ አጠገብ፣ ሰማያዊ በር ያለው ሱቅ፣ ፊት ለፊቱ ድስት የሚሸጥበት መሆኑን ብቻ ነው።

ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሸኖ

ሚኒባሱ ሦስት መቶ ብር አስከፈለን። እኔ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጥኩ፤ ጫጫን አልፈን ሜዳው ተዘረጋ፣ ብርዱም በመስኮቱ ሽንቁር ጉልበቴ ላይ ሰፈረ። ሸኖ ስንደርስ አንድ ነገር ጎደለብኝ። በሌላ ጊዜ መኪና ገና ሳይቆም በቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ የያዙ ሴቶች ይከቡታል። ዛሬ ማንም የለም።

«ሸኖ ዛሬ ጭር ብላለች» አልኩት ሹፌሩን።

«ሑዳዴ አይደል? ማን ሊገዛቸው? ለሳምንት ና፣ መተላለፊያ ታጣለህ።»

እውነቱን ነው። እኔም ራሴ ጿሚ ነኝ። ጠዋት ሳልበላ የምውል ጠንካራ ሰው ባልሆንም ቅቤና ሥጋ አልነካም። የሹፌሩ መልስ የችግሬን ሁሉ መፍቻ እንደያዘ ያን ጊዜ ማን ይንገረኝ። አለልቱ ስንደርስ ተኝቻለሁ።

አምስት ሰዓት፣ መርካቶ

ከላምበረት መገናኛ፣ ከመገናኛ መርካቶ። ሲኒማ ራስ ወረድኩና ጆንያዬን ደረቴ ላይ አጥፌ ገባሁ። መርካቶ ስገባ ልቤ ይመታል፤ ስንት ጊዜ ብመጣም አይለመደኝም። ጀርባው ላይ ሦስት ፍራሽ ያሰረ ወዛደር «ጀርባ! ጀርባ!» እያለ ሲመጣ ሸሸሁ፤ ስሸሽ የፕላስቲክ ባልዲ ክምር ነካሁ፤ ባለባልዲዋ «ኧረ ቀስ፣ አገር ልታፈርስ ነው የመጣኸው?» አለችኝ። ይቅርታ ጠይቄ ሳልጨርስ ሁለት ሰዎች የሕፃን ጫማ ሊሸጡልኝ ይከራከሩ ነበር።

ሰማያዊው በር የለም። የነበረበት መስመር ፈርሶ ቆርቆሮ ታጥሯል። ባዶ ጆንያዬን እንደያዝኩ ቆርቆሮውን ሳየው፣ እንደ ትልቅ ሰው ልናገርና፣ ልቅሶ ልቅሶ አለኝ። መስመሩ ጫፍ ላይ አንድ ሽማግሌ የአሉሚኒየም ድስት ደርድረው ተቀምጠዋል። ድስት! ሮጥኩ።

«ጋሼ፣ እዚህ ፊት ለፊት ሰማያዊ በር ያለው የኮሰረት ሱቅ ነበር። ባለቤቷን ያውቋቸዋል?»

«ከድጃን ነው? ሃያ ዓመት ፊት ለፊት ተቀምጠን እንዴት አላውቃትም?» አሉኝ። «ከመስጊዱ ጀርባ ገብታለች። በግራ ታጠፍ፣ በርበሬ ሲያስነጥስህ አትቁም፣ እጣን ሲሸትህ ቁም። ከእጣኑ ቀጥላ ናት።»

በርበሬው ሰባት ጊዜ አስነጠሰኝ። ከእጣኑ ቀጥሎ፣ ሁለት ሜትር በማትሞላ ሱቅ ውስጥ፣ እትዬ ከድጃ ዱካ ላይ ተቀምጠው ኮረሪማ ይፈለፍላሉ።

ሐሙስ ከሰዓት፣ እትዬ ከድጃ ሱቅ

ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጠን ያሉ፣ እጃቸው ሥራ የማይፈታ ሴት ናቸው። ወልቂጤ አካባቢ ተወልደው መርካቶ ያረጁ። እኔን አላስታወሱኝም፤ ሲያስቡት ግን ሳቃቸው መጣ።

«እህ! ቅጠል ገዝቶ ለአልኮል ነው ያለኝ ሰውዬ! እኔ እኮ ወላሂ፣ ይሄ ሰው አረቄ ሊያወጣበት ነው ብዬ ሦስት ቀን አዘንኩ።»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ወይን ጠጁን ፈሳሽ፣ ቀዩን የጥያቄ ምልክት፣ ማክሰኞን። ከቦርሳዬ በፖስታ የያዝኩትን የመጋቢቱን ቅጠል አውጥቼ መዳፋቸው ላይ ሰፈርኩላቸው። በሁለት እጃቸው አሹት፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት፣ ከዚያ እጃቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

«ይሄ ሞቷል» አሉ።

«እንዴት ሞተ? አረንጓዴ ነው እኮ።»

«ሬሳም መልኩን ቶሎ አይለቅም። መቼ ነው የገዛኸው?»

«መጋቢት ላይ። አንዱን በመጀመሪያው ሳምንት፣ አንዱን ደግሞ ወደ መጨረሻው።»

ኮረሪማቸውን አስቀመጡ። እኔን ቀና ብለው አዩኝና መሳቅ ጀመሩ፤ ባለእጣኑ ጎረቤት ምን ተገኘ ብሎ አንገቱን አስገባ።

«አንተ ሰው፣ ትጾማለህ?»

«እጾማለሁ።»

«ታዲያ በጾም ቅቤ ታነጥራለህ?»

«አላነጥርም።»

«ማን ያነጥራል?»

ሸኖ ላይ ያልነበሩት ሴቶች አሁን ዓይኔ ላይ መጡ። ጆሮዬ ድረስ ሲግለኝ ተሰማኝ።

«እኔ የእናንተን ጾም ከእናንተ በላይ ነው የማውቀው» አሉ። «ሱቄ የሚደራውም የሚቀዘቅዘውም በሱ ነው። እኛማ ቅቤውን እንበላለን፤ ገበያውን የሚያንቀሳቅሰው ግን የእናንተ ሆድ ነው። ጾሙ ሲገባ ገበሬው ኮሰረት አይቆርጥ፣ ባለመኪናው አይጭን። ለገና የመጣው ትራፊ ነው በየሱቁ በር ላይ፣ አፉ በተከፈተ ጆንያ፣ ፀሐይ ሲመታው የሚከርመው። የሸጡልህ አልዋሹህም፤ ኮሰረት ነው ብለው ኮሰረት ሸጡልህ። ዕድሜውን አልጠየቅካቸውም። መስከረም ላይ የወሰድከው ለመስቀል ክትፎ ተቆርጦ በሳምንቱ የገባ ነበር።»

ራሴን በጥፊ ብመታው ደስታዬ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ቅጠል እስከ ግራም ሽርፍራፊ ድረስ መዝኛለሁ፤ የአልኮሉን መጠን፣ የክፍሉን ሙቀት፣ የሰዓቱን ደቂቃ ጽፌአለሁ። በሰባተኛው የጾም ሳምንት ሽሮ እየበላሁ፣ የቅቤ ቅጠል በጾም ገበያ ላይ ምን ይመስላል ብዬ አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብኩም። ያውም የጿሚ ልጅ!

«ግን እትዬ ከድጃ፣ መሞቱን በማሽተት ብቻ እንዴት እርግጠኛ ሆኑ?» አልኳቸው። አስተማሪነት መጥፎ ነው፤ ማረጋገጫ መጠየቅ አይለቅም።

አልተቀየሙም። ተነሥተው ከበስተጀርባቸው ያለውን መጋረጃ ገለጥ አደረጉ። መደርደሪያው ላይ ትንንሽ ብልቃጦች ተሰልፈዋል፤ ሁሉም ውስጥ የተነጠረ ቅቤ፣ የሁሉም አንገት ላይ የተለያየ ቀለም ክር።

«አዲስ ቅጠል በገባ ቁጥር አንድ ቅቤ ገዝቼ በአንድ ቀን አነጥራለሁ። ከየገበሬው ቅጠል እኩል እኩል እያደረግኩ በየብልቃጡ እከፍለዋለሁ። ቀይ ክር የአንዱ ገበሬ ነው፣ አረንጓዴው የሌላው። ከዚያ አስቀምጬ በየወሩ አሸታለሁ። የማን ቅጠል ቅቤውን ቶሎ እንዳስከረፋ፣ የማን እንዳቆየ አያለሁ። ለከርሞ ከማን እንደምገዛ በዚያ ነው የማውቀው።»

«ይቺ ክር የሌላትስ?»

«እሷ ምንም ቅጠል የላትም። ባዶ ናት። ሌሎቹ ከማን ይሻላሉ ልበል ታዲያ?»

እናንተዬ! ማወዳደሪያ! እኔ ተማሪዎቼን «ማወዳደሪያ የሌለው ሙከራ ሙከራ አይባልም» እያልኩ ጉሮሮዬን ስሰነጥቅ የኖርኩትን ነገር፣ እሳቸው መጋረጃ ጀርባ ደርድረውታል። ማን እንዳስተማራቸው ጠየቅኳቸው።

«ሀፍረት» አሉኝ። «ዱሮ ክፉ ቅጠል ሸጬ የአንዲት ሙሽራ እናት የሠርግ ቅቤ ተበላሸባት። ድስቱን ይዛ መጥታ በሬ ላይ አስቀመጠችው፤ አንድ ቃል አልተናገረችኝም። ከዚያ ወዲህ ሳልሞክር አልሸጥም።»

ክር የሌላትን ከፍተው አስጠጉኝ፤ አፍንጫዬን አዞርኩ። ቀጥለው ቢጫ ክር የታሰረባትን ሰጡኝ። ወደኋላ አልኩ።

«ጾም ላይ ነኝ እኮ።»

«ሽታው አያስገድፍህም፣ አሽት።»

አሸተትኩ። ትናንት የተነጠረ ይመስላል።

«ይቺ ከመስከረሙ ናት» አሉኝ። «አንተ ከወሰድከው ከዚያው ጆንያ። ሰባት ወሯ ነው።»

በሞላው አዲስ አበባ የእኔን እውነት የሚያውቅ አንድ ብልቃጥ ቅቤ ብቻ ነበር፤ እሱም እጄ ላይ ነው። እንባዬ ሊመጣ ሲል ከባለእጣኑ ጋር ወሬ ጀመርኩ።

አርብ፣ አንዋር መስጊድ

ለፋሲካ የተቆረጠው የመጀመሪያው ቅጠል አርብ ይገባል ተባለ። «ኢንሻአላህ» ነበር ያሉት እትዬ ከድጃ፤ የዚያች ቃል ስፋት ሌሊቱን ሲያሳስበኝ አደረ። ራጉኤል አጠገብ አልጋ ይዤ ነበር፤ ጠዋት በቅዳሴው ድምፅ ነቃሁ፣ በመቶ ሰማንያ ብር ሽሮ በላሁ፣ ሦስት ሰዓት ላይ ሱቃቸው በር ላይ ተገኘሁ። ከትምህርት ቤት የተፈቀደልኝ እስከዛሬ ብቻ ነው። ነገ መመለስ አለብኝ፤ ቅጠሉ ቢያንስ አንድ ቀን ተኩል መዘፍዘፍ አለበት። ዛሬ ካልገባ አለቀልኝ።

አራት ሰዓት፣ የለም። አምስት ሰዓት፣ መኪናው ከተማ ገብቷል ተባለ። ስድስት ሰዓት ላይ ሰዉ ለጁምዓ መምጣት ጀመረ። ምንጣፍ በየአስፋልቱ ተነጠፈ፤ መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ሞላና መኪና የሚባል ነገር ቆመ። ሱቆቹ መዝጊያቸውን ገርበብ አደረጉ። እትዬ ከድጃም ወደ ሴቶቹ በኩል ሄዱ፤ እኔን ሱቁን ጠብቅ ብለው ዱካቸው ላይ አስቀመጡኝ። ያን ሁሉ ጩኸት የለመደ ሰፈር እንደዚያ ጸጥ ሲል ሰውነቴን ወረረኝ። እኔም በልቤ የራሴን ጸለይኩ፤ በግልጽ ለመናገር፣ ስለ መኪና ነበር።

ሶላቱ አልቆ ሰዉ ሲበተን ያ ጸጥታ በአንዴ ፈረሰ። አንድ ወዛደር ጆንያ ተሸክሞ ከፊት ብቅ አለ፣ ከኋላው ሌላ፣ ከኋላው ሌላ። ሳላየው ሸተተኝ። ሹል፣ ቀዝቃዛ፣ አፍንጫ የሚከፍት ሽታ፤ የመስከረም ሽታ። ሌሎች ነጋዴዎችም ሸቷቸዋል፤ ከየሱቁ ወጡ። እትዬ ከድጃ ግን ከሁሉም ቀድመው ደርሰው የመጀመሪያውን ጆንያ አፍ ይዘዋል። እጃቸውን እስከ ክንዳቸው ከተቱና ከሥሩ ዘግነው አወጡ። አሹ፣ አሸተቱ።

«ይሄ ፀሐይ ላይ ደርቋል፤ ውሰደው» አሉት ወዛደሩን። ሁለተኛውንም መለሱ። ሦስተኛው ላይ ቆሙ። ወደ እኔ ዘወር ብለው እጃቸውን አፍንጫዬ ሥር አደረጉልኝ።

«ይሄ ጥላ ውስጥ የደረቀ ነው። ከተቆረጠ ሁለት ሳምንት አይሞላውም። ያዝ፣ መምህር።»

ደማቁን አረንጓዴ እየመረጥኩ ልሰፍር ስል እጄን መቱኝ። «መልክ አትምረጥ፤ ሚስት የምታገባ መሰለህ እንዴ? እንደመጣልህ ዝገን።» እንደመጣልኝ ዘገንኩ። ስሰናበታቸው ባለቢጫ ክሯን ብልቃጥ በጋዜጣ ጠቅልለው ቦርሳዬ ውስጥ ከተቱ።

«ይሄማ ማስረጃዎ ነው፣ አልወስድም» አልኳቸው።

«ለማሽንህ አይደለም። ለፋሲካ ነው። ስትገድፍ ቅመሰውና ደውልልኝ።»

ቅዳሜና ሰኞ፣ መመለሻ

ቅዳሜ ጠዋት ተመለስኩ። ሸኖ ላይ አንዲት ሴት ቅቤ ይዛ ወደ መስኮቱ መጣች፤ በሆሳዕና ዋዜማ ገበያው መንቃት ጀምሯል። በደስታ ሰላም አልኳት፤ የማላውቃት ሴት ናት፣ ግራ ገብቷት ሰላም አለችኝ። ከሰዓት ላቦራቶሪ ገብቼ አዲሱን ቅጠልና የመጋቢቱን ትራፊ እኩል መዝኜ በሁለት ጠርሙስ ዘፈዘፍኩ።

ሰኞ ከሰዓት አማካሪዬን ጠራሁት። ያለችኝን ወይን ጠጅ ፈሳሽ ለሦስት ቱቦ አካፈልኳት። ወደ መጀመሪያው ቱቦ የመጋቢቱን ጭማቂ ጨመርኩ፣ ወደ ሁለተኛው የአዲሱን፣ ሦስተኛው ባዶውን ይቆይ አልኩ። አማካሪዬ ክንዱን አጣምሮ ቆመ።

የመጋቢቱ ትንሽ ደብዘዝ ብሎ ቆመ። የአዲሱ ግን ከታች ጀምሮ ሳሳ፣ ቀላ፣ ሮዝ ሆነ፣ ከዚያ ገለባ መሰለ። መሣሪያው ውስጥ ስናስገባው የመስከረሙን ቁጥር ለማለት ምንም አልቀረውም።

ስለ ጾሙ፣ ስለ ጆንያዎቹ፣ ስለ ብልቃጦቹ ነገርኩት። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«እኔም እጾማለሁ» አለ። «ባለቤቴ ጾም ሲይዝ ኮሰረት አትገዛም። ይሄን አውቄው ኖሬ አንተን ጠረጠርኩ። ይቅርታ አድርግልኝ።»

ደብተሬን ተቀብሎ በራሱ ቀይ እስክሪብቶ የጥያቄ ምልክቱን ሰረዘና አጠገቡ ፈረመ። ከዚያ ቅጠሉ የተገዛበትን ቀን ብቻ ሳይሆን ጾም ይሁን ፍስክም ጻፍበት አለኝ፤ የብልቃጦቹንም ሴትዮ ስም ከምስጋናው ሳይሆን ከአሠራሩ ክፍል ውስጥ አግባው አለኝ። ወደ ቤቴ በእግሬ ሄድኩ፤ ታክሲ ውስጥ መቀመጥ የሚችል ሰው አልነበርኩም።

እሑድ፣ ቤት

ብልቃጧ የሕማማቱን ሳምንት በሙሉ መደርደሪያዬ ላይ አፍጥጣብኝ ከረመች። አንድም ቀን አልከፈትኳትም።

የፋሲካ ዕለት ጠዋት ዳቦ ቆረስኩና ከፈትኳት። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ምንድን ነው ብትሉኝ መልሱ እዚያ ዳቦ ላይ ነበር። ቅጠሉን ከመመዘኔ በፊት የቅጠሉን ሰው መጠየቅ ነበረብኝ፤ ሁለት ዓመት የፈለግኩትን እሳቸው መጋረጃ ጀርባ ይዘውት ነበር። ስልኬን ሳነሣ እትዬ ከድጃ ቀደሙኝ።

«እንኳን አደረሰህ። ቀመስከው?»

«ቀመስኩት።»

«እንዴት ነው?»

«እትዬ ከድጃ፣ ለጋ ነው። ሰባት ወር የቆየ አይመስልም።»

«ያ ማሽንህስ ምን አለ?»

«እሱም ጥሩ ነው አለ።»

ኮረሪማ ሲፈለፈል በስልኩ ይሰማኛል።

«አልሃምዱሊላህ» አሉኝ። «እንግዲያው ማሽንህ ደህና ነው፤ እመነው።»